ከተዋጊ ጄት ወደ ባለሀብት ጄት፦ የአብራሪ ሰዓት በገበያ ስንት ይመነዘራል?

የደብረ ታቦር ነጋዴ የጉናን ድንችና ገብስ በአውሮፕላን አይጭንም። የፎገራ ሩዝም ከወረታ የሚወጣው በከባድ መኪና ነው። በአውሮፕላን የሚሄደው ሸቀጡ ሳይሆን ባለቤቱ ነው፤ ውል ለመፈረም፣ ከባንክ ጋር ለመነጋገር፣ ማሽን ለማየት። ከአዲስ አበባ ደብረ ታቦር በመኪና 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላን እስከ ባሕር ዳር ያለውን በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ ቀሪው በወረታ በኩል ሽቅብ የሚወጣው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ጊዜውን በገንዘብ የሚለካ ባለሀብት አንድ ቀን «አውሮፕላን ብንከራይስ? ከሌሎች ጋር ሆነን ብንገዛስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ጥያቄው ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ አውሮፕላኑ ነው፤ ዋጋው፣ መቀመጫው፣ ሞተሩ። ስለ አብራሪው ግን «እሱማ አይቸግርም፤ ከአየር ኃይል የወጣ አይጠፋም» ተብሎ ይታለፋል። በሌላ በኩል ደግሞ ከአየር ኃይል የተሰናበተው በራሪ «ሚግ ያበረረ ሰው ትንሽ የነጋዴ ጄት አያቅተውም» ብሎ ያስባል። ሁለቱም በከፊል ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም በቀረው ሊከስሩ ይችላሉ። የወታደር የበረራ ልምድ ጥሩ ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን የሌላ አገር ገንዘብ ነው። በሲቪሉ ገበያ ለመገብየት መመንዘር አለበት፤ ምንዛሪውም የራሱ ተመን አለው።

መንገዱ አዲስ አይደለም

በኢትዮጵያ የሲቪል በረራ ከወታደሩ በረራ ጋር አብሮ ያደገ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም ሲቋቋም ሥራ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የጦር ማጓጓዣዎች ነበሩ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም ወደ ካይሮ የተደረገው የመጀመሪያው በረራም በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ነው። በዚያው ዘመን በስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት በደብረ ዘይት /በዛሬዋ ቢሾፍቱ/ የአየር ኃይል ማሠልጠኛ ተቋቋመ። አየር መንገዱ በ1950ዎቹ የራሱን የአብራሪዎች ትምህርት ቤት እስኪከፍት ድረስ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎቹ መካከል ከአየር ኃይል የመጡ ነበሩበት።

የነጋዴ ጄት ራሱም የወታደር ዘር ያለበት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደብረ ዘይት የገባውን ኤፍ-86 ሴበር ተዋጊ የሠራው ኖርዝ አሜሪካን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ፣ ሴበርላይነር የተባለውን የባለሀብቶች ጄትም ሠርቷል። ሴበርላይነር ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1951 ዓ.ም ነው። በ1956 ዓ.ም የበረረው ሊርጄት ደግሞ መነሻው የስዊስ ተዋጊ አውሮፕላን ንድፍ ነበር። ማሽኑ ከጦር ሜዳ ወደ ገበያ መሻገሩ ቀላል ሆኖ ነበር። ሰውየው ግን እንደ ማሽኑ ቀለም ተቀብቶ፣ ወንበር ተቀይሮለት የሚሻገር አይደለም።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ግንቦት 1983 ዓ.ም ነው። የደርግ መንግሥት ሲወድቅ አየር ኃይሉ እንደሌላው ሠራዊት ተበተነ። ከአብራሪዎቹ ከፊሉ ጅቡቲን ወደ መሳሰሉ ጎረቤት አገሮች አውሮፕላናቸውን ይዘው ወጡ፤ ከቀሩት ጥቂት የማይባሉት ኋላ ተመልሰው ተጠርተዋል። ብዙ ዓመት በሰማይ የቆየ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ሥራ ገበያ ሲወጣ የጠበቀው ጥያቄ «ምን አበረርክ?» ብቻ አልነበረም፤ «ወረቀትህ የት አለ?» የሚልም ነበር።

ሰዓት እንደ ገንዘብ ነው

የሲቪል አብራሪ ገበያ መሥፈሪያው የበረራ ሰዓት ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው መለኪያ መሠረት የንግድ አብራሪ ላይሰንስ ለማግኘት 200 ሰዓት ያስፈልጋል፤ በተፈቀደለት ተቋም በተከታታይ ለሠለጠነ 150 ይበቃዋል። ከፍተኛው የአየር መንገድ አብራሪ ላይሰንስ ደግሞ 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። ከዚህ ውስጥ 200ው ከቦታ ቦታ የተደረገ ረጅም በረራ፣ 100ው የሌሊት፣ 75ቱ በመሣሪያ ብቻ /ማለትም ውጭ ሳይታይ/ የተደረገ መሆን አለበት።

ለምሳሌ ያህል 900 ሰዓት ያለውን የተዋጊ አብራሪ እንውሰድ። የተዋጊ ጄት ምልልስ አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። 900 ሰዓት ማለት ከፍተኛ ፍጥነትና ፈጣን ውሳኔ ያለበት እጅግ የተጨመቀ ልምድ ነው። በገበያው ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ግን ከ1,500ው 600 ይጎድለዋል። የሌሊት ሰዓቱ 30 ብቻ ከሆነ እዚያም 70 ይጎድለዋል። ከሁሉም በላይ ሰዓቱ ብቻውን የበረረበት ነው። የነጋዴ ጄት በአብዛኛው የሚበረው በሁለት አብራሪዎች ስለሆነ፣ ሥራ መከፋፈልን፣ ጮክ ብሎ ማንበብንና መልስ መስጠትን፣ ባልደረባን ማረምን እንደ አዲስ መማር ይኖርበታል።

በአንቶኖቭ ማጓጓዣ ላይ የኖረው የአየር ኃይል አብራሪ ግን በዚህ ምንዛሪ ይጠቀማል። ባለብዙ ሞተር አውሮፕላን፣ ረጅም ጉዞ፣ ከሌላ ሰው ጋር መሥራት በእጁ አለ። በሠፈር ወሬ ስሙ ከተዋጊው በታች ቢሆንም በገበያው ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል። የሄሊኮፕተር አብራሪው ደግሞ ሌላ መደብ ነው። የሄሊኮፕተር ሰዓት ለሄሊኮፕተር ላይሰንስ እንጂ ለአውሮፕላን ላይሰንስ እንዳለ አይቆጠርም።

ቋንቋና ልክም በምንዛሪው ውስጥ አሉ። በሶቪየት አውሮፕላን የሠለጠነ ሰው ከፍታን በሜትር፣ ፍጥነትን በሰዓት ኪሎ ሜትር ሲያነብ ኖሯል፤ የነጋዴ ጄት የሚናገረው በጫማና በኖት ነው። ጭንቅ በመጣ ሰዓት አእምሮ ወደ ቀድሞ ልማዱ ይመለሳልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ2000 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠራ አብራሪ በእንግሊዝኛ ቢያንስ አራተኛ ደረጃ ማምጣት ግዴታው ሆኗል።

አንዳንድ አገሮች ለራሳቸው ወታደሮች ቅናሽ ያደርጋሉ። አሜሪካ ከ2005 ዓ.ም ጀምሮ ከጦሯ የወጣ አብራሪ በ1,500 ፋንታ በ750 ሰዓት የአየር መንገድ ረዳት አብራሪ እንዲሆን ፈቅዳለች። ይህ ግን ለራሷ ጦር አብራሪዎች የተሰጠ ነው፤ የቢሾፍቱ ሰዓት እዚያ ያን ቅናሽ አያገኝም። ኢትዮጵያዊው አብራሪ በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በኩል የጽሑፍ ፈተናውን፣ የአንደኛ ደረጃ የጤና ምርመራውንና የበረራ ፈተናውን አልፎ ላይሰንሱን ማውጣት አለበት። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ሁለት ወረቀት በእጁ ሊኖር ይገባል፦ መሸኛና በኃላፊ የተረጋገጠ የበረራ መዝገብ። ያልተመዘገበ ሰዓት በገበያው እንዳልተበረረ ይቆጠራል።

ከፍታው የሚያስከፍለው

የወታደሩ ልምድ ሙሉ ዋጋውን የሚያገኝበት ቦታ ቢኖር እንደ ደቡብ ጎንደር ያለ ደጋ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ በምሥራቅ በኩል ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ቆሟል። በደብረ ታቦር ከፍታ፣ ሙቀቱ 22 ዲግሪ በደረሰ ቀን፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ክንፉም ሞተሩም 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ያህል ይሠራሉ።

ይህ ወደ ነጋዴ ቋንቋ ሲመለስ የጭነት ጉዳይ ነው። አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሳት 20 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሞተሩ ደግሞ በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ማኮብኮቢያው ረዘም ማለት አለበት፤ ካልሆነ ነዳጅ ወይም ሰው ይቀነሳል። በካታሎግ ላይ «ስምንት ሰው ይጭናል» የተባለው ጄት ከደጋ ሲነሳ አራት ሰው ብቻ ይዞ ሊሆን ይችላል። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል ወደ መቅደላ ለማድረስ ወራት የፈጀባቸው በክብደትና በአቀበት ምክንያት ነበር። በዚህ አገር ክብደትና ከፍታ ዛሬም ሒሳብ ይጠይቃሉ።

ተራራው የደህንነት ወለልም ይወስናል። በደመና ውስጥ የሚበር አውሮፕላን በተራራማ አካባቢ ከከፍተኛው ጫፍ ቢያንስ 600 ሜትር መራቅ አለበት። በጉና ላይ ለሚያልፍ ይህ ማለት ከ4,700 ሜትር በላይ ነው። በአገራችን የቻርተር ሥራ የተለመደው ሴስና ካራቫን ውስጡ የአየር ግፊት ስለማይጠበቅለት በዚያ ከፍታ አብራሪውም ተሳፋሪውም ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል። የክረምት ደመና ጉናን ሲሸፍን «ከሥር ሾልኬ አልፋለሁ» የሚል አብራሪ የሚያስበው እንደ ሚግ በራሪ ነው፤ ሚጉ ግን በአንድ ደቂቃ ወደ ላይ የሚወረወርበት ጉልበት ነበረው፤ ካራቫን የለውም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ደብረ ታቦር በዓለም አቀፍ መዝገብ ዲ.ቢ.ቲ. የሚል የኤርፖርት መለያ ቢኖራትም፣ የነጋዴ ጄት የሚያስብ ባለሀብት ሊያቅድ የሚገባው ለባሕር ዳር ነው። ጄቱ እዚያ ያርፋል፤ ሰውየው ሽቅብ በመኪና ይወጣል። ጉዳዩ ከዚያ በላይ የሚያስቸኩል ከሆነ መፍትሔው ሄሊኮፕተር ነው። በዚህ ጊዜ ደጋውን በሚ-8 ያወቀው የቀድሞ የጦር አብራሪ ከማንም በላይ ተፈላጊ ይሆናል።

አለቃው ከኋላ ሲቀመጥ

ወረቀቱም ከፍታውም በገንዘብና በጊዜ ይሟላሉ። ለመመንዘር የሚከብደው ሦስተኛው ነው፦ ልማድ። በውትድርና ትእዛዝ ከመጣ ይፈጸማል፤ አደጋም የሥራው አካል ነው። በነጋዴ ጄት ግን ደመወዝ ከፋዩ ራሱ ከኋላ ተቀምጧል። ሰዓቱን ያያል፤ ስብሰባ አለበት። አብራሪው ፊት ለፊቱ ጭጋግ፣ ከኋላው አሠሪ አለው። በዚያች ደቂቃ ከአብራሪው የሚፈለገው ትልቁ ሙያ «አይሆንም» ማለት ነው።

ይህ በወሬ የሚነገር ሳይሆን ሰው ያለቀበት ጉዳይ ነው። መጋቢት 20 ቀን 1993 ዓ.ም ምሽት አንድ ገልፍስትሪም 3 የኪራይ ጄት ከሎስ አንጀለስ ተነስቶ በተራሮች መካከል ወዳለችው የአሜሪካ ከተማ አስፐን በረረ። የአስፐን ኤርፖርት ከፍታ 2,380 ሜትር ገደማ ነው፤ ከቦሌ ብዙም አይለይም። ተሳፋሪዎቹ ዘግይተው ነበር። ለዚያ ዓይነት ጄት ኤርፖርቱ ሲመሽ ማረፍን ስለሚከለክል ጊዜው ጠበበ። አየሩ ካልፈቀደ አውሮፕላኑ ሌላ ቦታ ሊያርፍ እንደሚችል የተነገረው ተከራይ ተቆጣ። አብራሪዎቹ ማኮብኮቢያው ሳይታያቸው ከተፈቀደው ከፍታ በታች ወረዱ። 15 ተሳፋሪዎችና 3 የበረራ ሠራተኞች፣ በጠቅላላው 18 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በመንስዔነት ካስቀመጣቸው መካከል የተከራዩ ግፊት አንዱ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በቀጥታ ወታደሮቹን ይነካል። ሚያዝያ 2 ቀን 2002 ዓ.ም የፖላንድን ፕሬዚዳንት ሌህ ካቺንስኪን የያዘው ቱ-154 አውሮፕላን በሩሲያ ስሞሌንስክ አጠገብ በጭጋግ ለማረፍ ሲሞክር ተከሰከሰ። የነበሩት 96 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አብራሪዎቹ ባለሥልጣናትን የሚያጓጉዝ የአየር ኃይል ልዩ ሬጅመንት አባላት ነበሩ። የፖላንድ የራሷ አጣሪ ኮሚሽን በሬጅመንቱ የሥልጠና ጉድለት አግኝቷል፤ ሬጅመንቱም በተከታዩ ዓመት ፈረሰ። ጀግና አብራሪ ስለሌለ አልነበረም፤ ለትልቅ ሰው «ወደ ሌላ ኤርፖርት እንሂድ» የሚል ሥርዓት ስላልጠነከረ ነው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት በገበያ ላይ ለፈሰሰ እህል ይሠራል። በጉና ወገብ ላይ ለፈሰሰ ግን መልቀም የለም።

የመጨረሻው ቀጣሪ መድን ነው

ባለሀብቱ ብዙ ጊዜ የማያስተውለው አንድ እውነት አለ። አብራሪውን የሚቀጥረው እሱ ቢመስለውም፣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው መድን ሰጪው ነው። የአውሮፕላን መድን ውል ማን ማብረር እንደሚችል በስም ወይም በዝቅተኛ ሰዓት ይወስናል፤ ጠቅላላ ሰዓት ይህን ያህል፣ በዚሁ አውሮፕላን ዓይነት ደግሞ ይህን ያህል። መሥፈርቱን ያላሟላ አብራሪ አብርሮ ጉዳት ቢደርስ መድን ሰጪው አልከፍልም ሊል ይችላል። ስለዚህ ርካሽ አብራሪ ቀጥሮ በደመወዝ ያተረፈ ባለሀብት በአረቦን ጭማሪ ሊከፍለው፣ ወይም በካሳ መከልከል ንብረቱን ሊያጣ ይችላል።

በተጨማሪም መደበኛ የአውሮፕላን መድን የጦርነትን ጉዳት አይሸፍንም፤ ለብቻው ይገዛል። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት ወደ ክልሉ ከተሞች የሚደረጉ በረራዎች ለቀናት ተቋርጠው እንደነበር ይታወሳል። ወደ ደቡብ ጎንደር የበረራ ሥራ የሚያስብ ባለሀብት ይህን ወጪ ከመጀመሪያው በሒሳቡ ማስገባት አለበት።

ገበያው የት ነው?

የኢትዮጵያ ሕግ የግል ባለሀብትን ወደ አየር ትራንስፖርት ያስገባው በልኩ ነው። በመጀመሪያ እስከ 20 መቀመጫ ድረስ ተፈቀደ፤ በ2005 ዓ.ም በወጣው ደንብ ወደ 50 ከፍ አለ። እንደ አቢሲኒያ የበረራ አገልግሎት፣ ትራንስ ኔሽን ኤርዌይስና ናሽናል ኤርዌይስ ያሉ ድርጅቶች በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ የተነሱ ናቸው። በመሆኑም ከአየር ኃይል ለሚወጣ አብራሪ በአገር ውስጥ ያለው በር በዋናነት ትንንሽ ባለፕሮፔለር አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ነው። የንጹሕ ነጋዴ ጄት ሥራ በብዛት የሚገኘው በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ነው። ካራቫን ላይ ሁለት ሦስት ዓመት መሥራት ውርደት ሳይሆን የጎደለውን ሰዓት ደመወዝ እየተከፈሉ መሙላት ነው።

ለእያንዳንዱ የጄት ዓይነት የሚያስፈልገው ልዩ ሥልጠና ግን የሚከፈለው በዶላር ነው፤ እንደ አውሮፕላኑ መጠን ከአሥር ሺህ ዶላር ተነስቶ ብዙ አሥር ሺዎች ይደርሳል። ሥልጠናው በሲሙሌተር ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በብር የቆጠበ አብራሪ የሥልጠና ገንዘቡ በአጭር ጊዜ ወደ ግማሽ ወረደበት ማለት ነው። አሠሪው ከከፈለለት ደግሞ ለተወሰነ ዓመት እንዲያገለግል የውል ግዴታ ያስገባዋል። ይህን ውል ሁለቱም ወገኖች በጠበቃ ዓይን ሊያዩት ይገባል፤ ግዴታው በየወሩ እየቀነሰ የሚሄድ ቢሆን ለሁለቱም ፍትሐዊ ነው።

ዕድሜም ይታሰብ። በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ በሁለት አብራሪ ለሚበር ጣሪያው 65 ዓመት ነው። በ50 ዓመቱ የተሰናበተ በራሪ ሁለት ዓመት በወረቀት፣ ሦስት ዓመት በሰዓት ማሟላት ካጠፋ የቀረው 10 ዓመት ነው። መሸኛው ከመድረሱ በፊት በዕረፍት ጊዜው የጽሑፍ ፈተናውን የጀመረ ይቀድማል።

ውል ከመፈረሙ በፊት

ባለሀብቱ ለሚቀጥረው አብራሪ እነዚህን ጥያቄዎች ያቅርብ። ላይሰንስህ በየትኛው አገር ባለሥልጣን የወጣ ነው? ለዚህ አውሮፕላን ዓይነት ፈቃድ አለህ? ባለፉት 90 ቀናት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተነስተህ አርፈሃል? የመጨረሻውን የብቃት ፈተና መቼ አለፍክ? መድን ሰጪው ስምህን ተቀብሏል? በመጨረሻም «ጉዞ የሰረዝክበትን ቀን ንገረኝ» ይበለው። ብዙ ዓመት በርሮ አንድም ቀን ሰርዞ የማያውቅ አብራሪ የሚያኮራ ሳይሆን የሚያሰጋ ነው።

አብራሪውም ይጠይቅ። ጥገናውን ማን ይሠራል? ሁለተኛ አብራሪ አለ? በቀን ስንት ሰዓት እሠራለሁ? አየሩ ካልፈቀደ የሚወስነው ማን ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር፦ «የመብረርና ያለመብረር ውሳኔ የካፒቴኑ ብቻ ነው፤ በዚህ ውሳኔ ምክንያት ደመወዝ አይቆረጥም፣ ከሥራም አይሰናበትም»።

ሻምበልነት በትከሻ ላይ ይለጠፋል፤ ካፒቴንነት ግን በዚህች አንድ መስመር ይረጋገጣል። ባለሀብቱ ለጄቱ ቆዳ ወንበር የሚከፍለውን ያህል ለዚህች መስመር ቢያስብ፣ ባሕር ዳር አድሮ በማግስቱ ደብረ ታቦር መድረስ ኪሳራ አለመሆኑ ይገባዋል። ስብሰባው ለነገ ይተላለፋል።